አንድ ሜትር ተኩል

«ኢንጂነር፣ ቆሞ የለም እንዴ?» አለኝ የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር፣ የተቆፈረውን ግድግዳ እያሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ቆሟል። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር፦ የጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳ እንዳይደረመስ መደገፍ። ኤች ብረቶች (የኤች ፊደል ቅርጽ ያላቸው ምሰሶዎች) በመደዳ ተተክለዋል፣ በመካከላቸው ጣውላ ይገባል። 3 ሜትር ከተቆፈረ በኋላ ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያራርቀው የመጀመሪያው አግዳሚ ብረት፣ ስትራት የምንለው፣ መግባት ነበረበት። ብረቱ ዘገየ። ማሽን ሥራ ቢፈታም ኪራዩ ይቆጥራል። ፎርማኑ «ትንሽ እንግፋ» አለ። ትንሿ 4.5 ሜትር ደረሰች።

አንድ ሜትር ተኩል ምንም አይመስልም። ነገር ግን አናቱን ምንም ያልያዘው ግድግዳ፣ ቁፋሮው ወለል ላይ የሚያርፍበት ሞመንት፣ ማለትም ሊያጎብጠው የሚታገለው ጫና፣ የሚያድገው በጥልቀቱ ኪዩብ ነው። ከ3 ወደ 4.5 ስንወርድ ሞመንቱ ወደ 3.4 እጥፍ ደረሰ። የመታጠፉ ነገር ከዚያም ይብሳል።

ሸክላ አፈር ደግሞ አስመሳይ ነው። እንደተቆፈረ ራሱን ችሎ ይቆማል። ውሎ አድሮ ውሃ ይስብና ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከሁሉም የምፈራው ግን ራሱን ውሃውን ነው። የሰበቃ አንግሉ (ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ልክ) 30 ዲግሪ የሆነ ደረቅ አሸዋ ወደ ጎን የሚገፋው በክብደቱ ሲሶ ነው፤ በየሜትሩ ጥልቀት 6 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ። ውሃ ሲሶ ብሎ ነገር አያውቅም። በየሜትሩ 10 ገደማ፣ ሙሉውን ይገፋል። በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት የምንተወው ለዚህ ነው፣ ውሃው እንዲወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የግድግዳውን መንቀሳቀስ የሚለካውን መሣሪያ፣ ኢንክሊኖሜትሩን፣ አነበብን። 9 ሚሊሜትር የነበረው 27 ሆኗል። ወዲያው ግድግዳው ሥር አፈር መልሰን ሞላን። ብረቱ በሁለተኛው ቀን መጣ፣ በጃክ ወጥረን አስገባነው። መንቀሳቀሱ ቆመ፣ የሄደው ግን አልተመለሰም።

ያን ሰሞን አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ሲንጋፖር ነው። በ2004 ኒኮል ሀይዌይ አጠገብ 30 ሜትር ገደማ የወረደ የምድር ባቡር ቁፋሮ ተደርምሶ 4 ሰዎች ሞቱ። የአፈሩ ጥንካሬ ከእውነተኛው በላይ ተገምቶ ነበር፣ የስትራቶቹ መጋጠሚያም ደካማ ነበር። ግድግዳው ከተሰላው በላይ መንቀሳቀሱን መሣሪያዎቹ አስቀድመው ተናግረዋል። እኛም ጋ መሣሪያው ተናገረ፤ ልዩነቱ ሰማነው።

ጥፋቱን ለፎርማኑ ማሸከም ይቀለኝ ነበር። ግን ድሮዊንጉን መልሼ ሳየው፣ በትልቁ የሳልኩት ያለቀውን ጉድጓድ ነው፤ ስትራቶቹ ሁሉ ገብተው፣ አምሮበት። የ3 ሜትሯ ነገር ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍራለች። ያን መልክ ጉድጓዱ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ አደጋው ያለው ደግሞ እዚያ እስኪደረስ ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ የቁፋሮ ደረጃ አንድ ገጽ እስላለሁ። ቁፋሮው የሚቆምበት መስመር በቀይ፣ እዚያ ሲደረስ የሚገባው ብረት። የመጀመሪያውን ቅጂ የሰጠሁት ለዚያው ኦፕሬተር ነው። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «ያኔ ይቺን ብታሳዩኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።