አንዲት መስመር

የሦስት ቀኑ ሥልጠና ዛሬ ተጠናቀቀ። የግንቦት ሙቀት ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ፣ እንደ ግቢው ሰው ሁሉ ፍራሼን ውጭ ዘርግቼ ጋደም ብያለሁ። ሁሉም ተኝቷል፤ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሥልጠናው ነበር፤ አሰልጣኙ ተዘጋጅቶ የመጣ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ስለነበር ምስጋናዬን ላኖር አስቤ ነበር። ነገር ግን መጻፍ ስጀምር የምትመጣብኝ አንዲት መስመር ብቻ ናት።

ርእሱ የጉዳይ አያያዝ ነበር፤ ችግር ላይ ያለን ቤተሰብ ከመለየት ጀምሮ፣ ሁኔታውን አጥንቶ፣ ዕቅድ አውጥቶ፣ ወደሚመለከተው አገልግሎት ልኮ፣ ተከታትሎ፣ ጉዳዩን እስከ መዝጋት ያለውን መንገድ የሚያሳይ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ስለ ሚስጥር አጠባበቅ ስንማር፣ ግድግዳው ላይ ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ «ሕፃናትን በአስተርጓሚነት አለመጠቀም» ይላል። አሰልጣኙ አነበበው፤ «ይህ ግልጽ ይመስለኛል» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። ማንም እጁን አላወጣም፤ እኔም አላወጣሁም። የቀረው ሰው ሁሉ አብሮት ሲያልፍ እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቀበሌ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንዲት እናት ለሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ ለሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ልትመዘገብ መጣች፤ ክንዷ በነጠላ ቁራጭ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የምትናገረው ሶማልኛ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ በኦሮምኛ እንደምንም እግባባለሁ እንጂ ከሰላምታ ያለፈ ሶማልኛ አልነበረኝም። ዘወትር የምታስተረጉምልን እትዬ ፋ. የዚያን ቀን ታማ ቀርታለች። ከእናትየዋ ጋር ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጇ አብራት መጥታ ነበር፤ የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ። እኔም ደስ አለኝ። ልጅቷን በመካከላችን አቁሜ ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስንት ናችሁ? ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው? አባትሽ ምን ይሠራል? ልጅቷ ፈጠን ፈጠን እያለች ታመላልሳለች፤ «ጎበዝ» እያልኩ አበረታታኋት። ስለ ጤና የሚጠይቀው ላይ ስንደርስ፣ «እናትሽ ክንዷን ምን ሆና ነው?» አልኳት።

እናትየዋ ብዙ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ጠረጴዛውን እያየች፣ ሁለት ጊዜ ቆም ብላ እንደገና እየቀጠለች። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ወደቀች» አለችኝ። እኔም «ወድቃ» ብዬ ጻፍኩ።

ያ ሁሉ ንግግር በአንዲት ቃል እንደማያልቅ ለማወቅ ሶማልኛ መቻል አያስፈልግም። የዚያን ዕለትም አውቄው ነበር ብዬ አምናለሁ። በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ቅጹም እስከ ማታ ማለቅ ነበረበት፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ዝም ያልኩት ግን በእነሱ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ልጅቷን ደግሜ ብጠይቃት ከሚመጣው መልስ ጋር ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ያንን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ከወር በኋላ እትዬ ፋ. እናትየዋን ቀፊራ ገበያ አገኘቻትና አወሩ። በማግስቱ ቢሮዬን ጠርጋ ስትጨርስ በሩን መለስ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ የዚያን ቀን ምን እንዳለችሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የሴትየዋ ነው። መውደቅ እንዳልነበረ፣ ልጅቷም ያቺን ቃል የመረጠችው አባቷን ላለማጋለጥ እንደሆነ ብቻ ልናገር። የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያዋን ይዤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤታቸው ስንሄድ ለቀው ነበር። ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች አሉን፤ ዘመዶቿ የት እንደሆኑ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ቅጹ ላይ «ወድቃ» የሚለው በእኔ እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ አለ።

ያኔ ሥልጠና አልወሰድኩም ማለት አይደለም። የከተሞች ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ስለነበሩ፣ እኔ ስቀጠር የምዝገባው ሥልጠና መልክ ይዞ ነበር። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ምን እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ዕቃ እንዳለ እየተጠየቀ የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ በነጥብ ይሰላል፤ ከዚያ የአካባቢው ሰው አይቶ ያረጋግጣል። ይህንን አሠራር አልነቅፍም፤ አንድ ሣጥን በስህተት ምልክት ቢደረግበት የሚገባው ሰው ሊቀር ስለሚችል ጥንቃቄን ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቅጹን ያለ ስህተት መሙላትን እንጂ ቅጹ ላይ ቦታ የሌለውን ነገር መስማትን አልተማርኩም።

ይህች ከተማ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት እንላለን፤ እንኮራበታለንም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአስተዳደሩ ነዋሪ 46 በመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 በመቶ ያህሉ ሶማሌ ነበር። የቢሮው ሥራ በአማርኛ ነው፤ የሥልጠናው ሰነድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአማርኛ ይብራራል። እንግዲህ «ሚስጥር አጠባበቅ» የምትለው ሐሳብ ከእንግሊዝኛው ሰነድ ተነሥታ፣ በአሰልጣኙ አማርኛ በኩል አልፋ፣ እኔ ጋ ደርሳ፣ ከእኔ ደግሞ በሰው አፍ በኩል ሶማልኛ ሆና ያቺ እናት ጋ መድረስ አለባት። ከመንገዱ ሁሉ የመጨረሻዋን እርምጃ የሚራመደው ሰው ማን እንደሆነ ግን በሦስቱም ቀን አልተነሣም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ሶማልኛ ከእትዬ ፋ. ጥቂት ጥቂት እየተማርኩ ነው። መጀመሪያ ያስተማረችኝ «ኢስካ ወረን» ማለትን ነው፤ እንደ «እንዴት ነሽ?» ሆኖ የሚያገለግል ሰላምታ ነው፤ ቃል በቃል ግን «ስለ ራስሽ ወሬ ንገሪኝ» እንደማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ይህንን ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀን ከራሴ አልወጣልኝም። በሦስቱ ቀን ሥልጠና «ክፍት ጥያቄ» እያልን በቡድን ተከፋፍለን የተለማመድነውን፣ ሰው በየማለዳው እየተጠያየቀው የሚውል ሕዝብ መካከል ነው የምንኖረው። የእኛ ቅጽ ግን «ሙሉ ስም ከነአያት» ብሎ ይጀምራል።

የሥራ ባልደረባዬ የነበረው ጋሼ ተ. ይህንን ያለ ሥልጠና ያውቀው ነበር። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ለሰባት ወር ብቻ አብሬው ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ወረቀቱን ከኪሱ አያወጣም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ የሰጡትን ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘመድ ይጠይቃል። መቼ እንደተማረው ስጠይቀው፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ ነው አለኝ። በማግስቱ ቤተሰቦችን እንዲመዘግብ ተልኮ፣ «የቤተሰብ ብዛት?» ብሎ አንድ አባት ሲጠይቅ፣ ሰውየው «ከትናንት በፊት ነው ወይስ ዛሬ?» አለው። ጋሼ ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ቁጭ ሳይል ጠይቆ አያውቅም። እኔ ከእሱ ጋር በዞርኩባቸው ሰባት ወራት ያገኘሁትን መሳቢያዬ ውስጥ ካሉት ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ደምሬ አላገኘሁትም፤ ሥልጠናዎቹ ከንቱ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ከሥልጠናው በኋላ ሥራዬ ላይ ቆሞ «እንዲህ ብትጠይቂስ» የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው። በአሰልጣኙ የመጨረሻ ቀን ዝርዝር ላይ «ክትትላዊ ድጋፍ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ማን እንደሚያደርገው ግን ባዶ ነበር።

ይህ ባዶነት የኛ ቀበሌ ብቻ አይመስለኝም። የማህበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ ትምህርቱ በራሱ ስም እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 በድኅረ ምረቃ ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ። ያ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ እኔን የሚቆጣጠሩኝ ሰዎች በዚያ ውስጥ ያለፉ፣ እነሱም በሌላ ሰው እጅ የሠለጠኑ በሆኑ ነበር። አሁን ግን አብረውኝ የሚሠሩት አንዱ በአካውንቲንግ፣ አንዷ በማኔጅመንት፣ እኔ በሶሲዮሎጂ የተመረቅን ነን፤ ሁላችንም ቅን ነን፤ ማናችንም የቆየ ሰው በላያችን የለም። ነርሷ እህቴ የሙያ ፈቃዷን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ መሰብሰብ ግዴታዋ ነው። እሷ ቁስል ለማጠብ ፈቃድ ይጠየቅባታል፤ እኔ የሰው ትዳር ውስጥ ገብቼ ለመጠየቅ የሚጠየቅብኝ የቅጥር ደብዳቤ ብቻ ነው። በእህቴ አልቀናም፤ እኔም እንዲጠየቅብኝ እፈልጋለሁ።

ሌሊቱን ሙሉ የምመለሰው ግን ወደ እትዬ ፋ. ነው። በሥራ መዘርዝሯ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና የሚበቃትን ያህል ሐረሪ ትናገራለች። በዚህ ቢሮ በር ገብቶ አማርኛ የማይችል ሰው ሁሉ ችግሩን የነገረው በእሷ አፍ ነው፤ የተደፈረች ልጅ፣ የተጣለ አዛውንት፣ በሽታውን ለሚስቱ ያልነገረ ሰው። ስንጠራት መጥረጊያዋን በር ላይ አስደግፋ ትገባለች፤ ስትጨርስ መጥረጊያዋን አንሥታ ትወጣለች። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ወደ ሥልጠና የጠራት የለም። ሚስጥር ጠብቂ ያላትም የለም፤ ከሰማችው አንድም ነገር ግን ገበያ ወጥቶ አልሰማሁም። የሰማችውን ሁሉ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማታ ለማን እንደምትተነፍሰው ጠይቄያት አላውቅም። እኛን «የባለሙያ ድካም» ብለው ለግማሽ ቀን ያሠለጠኑን ጊዜ፣ እሷ አዳራሹ ውስጥ ውኃ ታድል ነበር።

ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሥቼ ለኃላፊው ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። እትዬ ፋ. አስተርጓሚ ተብላ እንድትታወቅ፣ ለዚህ ሥራዋ እንዲከፈላት፣ በሚቀጥለው ሥልጠና ከእኛ ጋር እንድትቀመጥ ልጠይቅ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከገባ፣ ከሥራ መዘርዝሯ ውጭ ስትሠራ መቆየቷ በጽሑፍ ይታወቃል። ለአስተርጓሚ የተፈቀደ መደብ የለም። በመዋቅር ውስጥ የሌለ ሥራ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ከዚህ በፊት አይተናል፤ «ይቁም» ይባላል። እሷ እንድትቆም ከተደረገ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ቀን ጠረጴዛዬ ፊት የምትቆመው ቦርሳ ያነገተች ሕፃን ናት። ዝም ካልኩ ግን እትዬ ፋ. እስከ ጡረታዋ መጥረጊያዋን በር ላይ እያስደገፈች ትገባለች፣ ትወጣለች።

ደግሞስ እሷን ሳልጠይቅ ስለ እሷ መጻፍ ይገባኛል? ሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ልትጠርግ ስትመጣ እነግራታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምርላት ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ደብዳቤውም ላይ «ጉዳዩ፦» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።