ሳህን ላይ የሞተው ሳልሞኔላ

ላብራቶሪያችን ውስጥ ከበሽተኛ ደም የተዘራው ካልቸር (ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራ) ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለውን ባክቴሪያ አበቀለ፤ ታይፎይድ ማለት ነው። አዲስ የገባው ልጅ የመድኃኒት ምርመራውን ሠርቶ ጠዋት ሳህኑን ይዞልኝ መጣ። ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የያዘችው ዲስክ (ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያዋን ከባክቴሪያው ጥርት አድርጋዋለች። ማስመሪያ አስጠግቶ 22 ሚሊሜትር አነበበና ፎርሙ ላይ "ይሠራል" ብሎ ሊሞላ ሲል አስቆምኩት።

"ይኸው ገደለው እኮ!"

ገድሎታል፣ አልካድኩም። ሳህኑ ላይ።

ሰው ውስጥ ግን ሳልሞኔላ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ አይጠብቅም። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሊያጠፉት ይውጡታል፤ እሱ ደግሞ የተዋጠበትን ከረጢት መኖሪያው ያደርገዋል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድ ሲበዛ፣ ይሞታል ስንል ጭራሽ ይነቃና መርፌ በመሰለ ነገር የራሱን ፕሮቲኖች በከረጢቱ ግድግዳ አሳልፎ ወደ ሕዋሱ ይወጋል፤ ከዚያ በኋላ የሕዋሱ ሥራ ይዘበራረቃል፣ እሱም እዚያው ይራባል። አልፎ ተርፎም በዚያው ሕዋስ ተጭኖ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኒ ድረስ ይሄዳል። ድፍረቱ!

ጄንታማይሲን የሕዋስ ሽፋን አልፎ መግባት ይከብደዋል፤ ቢገባም አሲድ ውስጥ ጉልበት ያንሰዋል። ተመራማሪዎችማ ይህንኑ ድክመቱን ይጠቀሙበታል፦ ውጭ የቀረውን ባክቴሪያ በጄንታማይሲን ይጨርሱና ሕዋሱን አፍርሰው ውስጥ የተረፈውን ይቆጥራሉ።

ከሰዓት ሐኪሙ ደወለ። "ሪፖርቱ ላይ ጄንታማይሲን የት አለ? እጄ ላይ ያለው እሱ ነው።" ቆጣ ብሏል፤ አልፈርድበትም፣ በሽተኛ ይዞ ነው።

"ዶክተር፣ ሳህን ላይ ይሠራል፣ ታይፎይድ ላይ ግን አይታመንም። ለዚህ ነው ያላወጣነው። የአዚትሮማይሲኑን ውጤት ይዩልኝ፤ እሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል።"

ዝም አለ። ቀጥሎ "ታዲያ ይሄንን ለምን አትጽፉልንም?" አለ። እውነቱን ነው። አንድን መድኃኒት ከሪፖርት ላይ ዝም ብሎ ማውጣት፣ ምክንያቱ ለማያየው ሰው መርሳት ይመስላል። በዚያው ሳምንት ለሳልሞኔላ በሚወጣው ሪፖርት ግርጌ አንድ መስመር ጨመርን።

ልጁ ግን አልለቀቀኝም፤ ጄንታማይሲንን ከሪፖርት የሚያስወጣው ደንብ ሺጌላ የተባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያም ለምን እንደሚያካትት ጠየቀ። ሺጌላ ከረጢቱ ውስጥ አይቀመጥም፣ ቀዶት ይወጣል። ከዚያ አክቲን የተባለውን የሕዋሱን ፕሮቲን በጀርባው እያስገነባ በእሱ ይገፋና ጎረቤት ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ውጭ ሳይወጣ። መንገዱ ቢለያይም ጄንታማይሲን የማይደርስበት ቦታ ነው። "እነዚህን ማን ያስተማራቸው?" አለና የሺጌላውንም ፎርም ሊያስተካክል ሄደ።