አበል የሌለበት ስብሰባ

በሀዋሳ ዙሪያ ሰው ለስልጠና ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አበሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሰዉን አልወቅስም። ፕሮጀክት ይዞ የመጣ ሁሉ ያስለመደው ነገር ነው። ለስብሰባ የመጣች እናት የቀን ሥራዋን ጥላ ነው የመጣችው። የጠራት ሰው ግን የውሎ አበሉ ታስቦለት በመኪና ነው የደረሰው። እሷስ ለምን አትጠይቅ?

እኔ የሂሳብ አያያዝ መምህርት ነኝ። ከዩኒቨርሲቲያችን ጋር የተያያዘ ትንሽ ፋውንዴሽን ለማቋቋም ስንነሳ አስተባባሪነቱ እኔ ላይ ወደቀ። ሐሳቡ በከተማዋ ውስጥና በሀዌላ ቱላ በኩል ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከሴቶች ጋር መሥራት ነበር። ገና ወረቀቱ ሳያልቅ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ። አበል አንከፍልም። ቲሸርት አናሳትምም። ባነርም አልፈልግም ብዬ ነበር፤ ባነሩ ላይ ተሸነፍኩ። አንድ አለን።

ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «አበል ሳይኖር ማን ይመጣል?» አሉ። ሳይከፈላት የምትመጣ ሴት የምትመጣበት ጉዳይ አላት፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ያንን ጉዳይ ነው አልኳቸው። መጀመሪያ ቀን የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ እንዳሉትም በሁለተኛው ግማሹ ሳይመጣ ቀረ። ተመልሰው ከመጡት ጋር ነው ሥራው የተጀመረው።

ወደ ሴቶቹ ከመሄዴ በፊት ስለ ቦርሳው ላውራ፤ ሙያዬም አይደል። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ሥራ አላቸው፤ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የእንጀራ ልጅ ነው። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱ ሲጀመር ገንዘቡ ቶሎ እጅ አይገባም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ግዢ ላይ ይረባረባል። የገጠር ሴት ዓመት እንዲህ አይደለም። ብር የሚጨንቃት መስከረም ላይ ነው፤ ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ። ትንሽ የምትተነፍሰው ቡና ሲለቀም ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ። ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ለማገናኘት ከበጀቱ ውጪ የሆነ የራሳችን ሂሳብ ያስፈልገን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለዚህ ይመቻል። ከእሱ በፊት የነበረው የ2001ዱ አዋጅ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ የኢትዮጵያ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያስር ነበር። አዲሱ ያንን ገደብ አነሳ። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትንም ፈቀደ። እኛ የመረጥነው በቦርድ የሚመራውን ዓይነት ነው። ማኅበር ብንሆን ኖሮ አባል ሁሉ የሚሰበሰብበት ጠቅላላ ጉባኤ ሊኖረን ነው። መምህራን ስንሰበሰብ ምን እንደምንመስል ስለማውቅ ሸሸሁት።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። ለትንሽ ድርጅት ይህ ጠባብ ነው። አንድ ሠራተኛ ቀጥረህ አንድ ቢሮ ከተከራየህ አለቀ። ከዩኒቨርሲቲ ጋር መያያዝ የጠቀመን እዚህ ጋ ነው። ክፍሉን፣ ጠረጴዛውን፣ መብራቱን በዓይነት አገኘን። ብሩ ግን የመጣው በፈቃዳቸው ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ከፈረሙ መምህራንና ከተመራቂዎች ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ አስገባሁ፤ የቦርድ ሰብሳቢው በወንበር ላይ ያለ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ መሆን አይችልም። ኃላፊ ይቀየራል። አዲስ የሚመጣው የሌላ ሰው ጅምር ላይ ልቡን አይጥልም። እንዲህ ዓይነት ነገር ለምታስቡ ሁሉ፣ ይህን አንቀጽ ሳታስገቡ እንዳትፈርሙ።

ሥራውን የጀመርነው በራስ አገዝ ቡድን ነው። መንገዱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አዳማ ላይ በጥቂት ቡድኖች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው አካባቢ የተዛመተው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ። ከዚያው ገንዘብ ይበደራሉ። ወለዱም ወደ ሳጥናቸው ይመለሳል። ከእኛ የሄደው ሳጥን፣ ሦስት ሴቶች የሚይዙት ሦስት ቁልፍና መዝገብ ነው። የብድር ገንዘብ አልሰጠንም። የሰው ብር ሲሆን መልሶ ለመክፈል እጅ ያጥራል፤ የጎረቤት ብር ሲሆን ግን ጎረቤቷ ራሷ ትጠይቃለች።

አንዲት ጠና ያሉ እናት ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ እኛ እኮ እቁብ አለን። አንቺ ምን ጨመርሽ?»

ጥያቄው ልክ ነው። እቁብ ትልቅ ነገር ነው። ዕጣው ሲወጣ ጠቀም ያለ ብር በአንዴ ይገባል። ግን ሕመም ዕጣ አይጠብቅም። የሰው ዕጣ ለመግዛት ደግሞ ተጨማሪ መክፈል አለ። እድርም አላቸው። ይህን እያብራራሁ ሳለ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት አሳጠረችልኝ። «እድር የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው። እኔ ብሩን የምፈልገው ልጄ ሳይሞት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

የሳምንቱ ቁጠባ ስንት ይሁን የሚለው ክርክር አስነሳ። ሻል ያሉት ከፍ እንዲል ፈለጉ። የተስማማንበት መጠኑን የምትቆርጠው ከሁሉ አቅም ያነሳት ሴት እንድትሆን ነው። እሷ 10 ብር ካለች 10 ብር ነው። አንዴ መክፈል ያቃታት ሴት በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ከማጣቱ ይልቅ ሐፍረቱ ነው ቤት የሚያስቀራት።

ብድሩ ለምን እንደሚውል አንጠይቅም። በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ሊረዳን ከመጣ ሰው ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ለንግድ ያልዋለ ብድር ሴቶችን አያበቃም ባይ ነበር። ለልጇ መድኃኒት በብድሩ የገዛች ሴት ጊደሯን በችኮላ፣ በወረደ ዋጋ አልሸጠችም። በሂሳብ ቋንቋ ይህ ንብረት ማዳን ነው። ንግዱ ሲመጣ ይመጣል። ቅቤና ቆጮ የሚቸረችሩት መጀመሪያ ለትምህርት ቤት ነው የተበደሩት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ብዙ ሰው የገጠር ሴት የጎደላት ገንዘብ ወይም እውቀት ይመስለዋል። ሁለቱም ይጎድሏታል። ከሁሉ በላይ የሌላት ግን ጊዜ ነው። ውሃ፣ ማገዶ፣ ከብት፣ ጓሮ፣ ገበያ፣ ልጅ። በዚህ ላይ የእኛ ስብሰባ ከተጨመረ የሚቆረጠው ከእንቅልፏ ነው። ስለዚህ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ባልደረባ ከእኔ አንድ ጥያቄ ያገኛል፤ ሰዓት ይወስድባታል ወይስ ይመልስላታል? ብዙ ቆንጆ ፕሮፖዛል እዚህ ጥያቄ ላይ ወድቋል። የወደደኝ የለም።

የስብሰባውን ቀን ለእነሱ ተውነው። የሲዳማ የቆየው ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ። ትልልቆቹ እናቶች ገበያን ሲያስቡ አሁንም ይህ ቆጠራ አይጠፋቸውም፤ ልጆቻቸው በሰባቱ ቀን ይሄዳሉ። በእኛ መርሐ ግብር ላይ ብንጠፍረው ኖሮ ግማሹ ስብሰባ ገበያ ላይ ይውል ነበር። አንዱ ቡድን ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ለስብሰባው ተብሎ የሚኬድ መንገድ የለም። ሌላው ቡና ሲፈላ ይሰበሰባል። ቡናው ለማንኛውም ይፈላል።

የእንሰቱ ነገር ከሁሉ አስተማረኝ። እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ደርሶ ቆጮ ማድረጉ ደግሞ ከሞላ ጎደል የሴት ሥራ ነው። የግንዱን ልጣጭ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ በእግራቸው ደግፈው፣ በቀርከሃ ይፍቁታል። ሥሩን ይከተክታሉ። ከሚጨመቀው ውሃ ቡላው ይረጋል። የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ቃጫው ለብቻው ይሸጣል። ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። ሰዓት ይመለሳል ከተባለ ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

የምህንድስና ባልደረቦቻችን የመፋቂያ ማሽን ሐሳብ ይዘው መጡ። ቀበሌው መሃል ሼድ ሠርተን እንትከለው አሉ። ምርቃት ሊኖር ነው፣ ሪባን ሊቆረጥ ነው። ቆይ መጀመሪያ ሴቶቹን እንጠይቅ አልኩ። አንዷ ጓሮዋ ያለውን እንሰት በአገጯ አሳየችንና «ይሄን እዚያ ድረስ ማን ይሸከምልኛል?» አለች። እንሰት ውሃ የሞላው ግንድ ነው። የምትፍቀው ከጓሮዋ ነው፤ ጉድጓዱም እዚያው ነው። ማሽኑ ሰዓቱን ከመፋቅ ላይ ቀንሶ ሸክም ላይ ሊጨምረው ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ወደ እንሰቱ ይሂድ ተባለ። ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ በእጅ የሚዞር፣ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት የሚጠግነው ተሠራ። ቡድኑ ከራሱ ሳጥን አውጥቶ ገዛው፤ ጎረቤት ሲከራየው ይከፍላል። በነፃ ስጧቸው ያሉን ነበሩ። በነፃ የተሰጠ ማሽን ሲሰበር የሰጪውን ደጅ ይጠናል።

ሌላው ሰዓት የመለሰው የሕግ ድጋፍ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልማድ አላቸው። እኛ ያደረግነው አገልግሎቱ ወደ ቡድኖቹ እንዲሄድ መለመን ነው። የሚመጣው ጥያቄ ይደጋገማል። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ስሜ አለ ወይ? ባሌ ሞቶ ወንድሙ ጓሮዬን አጥሯል። ትቶኝ ከሄደው አባት ለልጆች ቀለብ እንዴት ይጠየቃል? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት ከተማ መመላለስ ሙሉ ቀን ይበላል፤ የባጃጁ ሳይቆጠር።

ባሎችን በተመለከተ ሴቶቹ ከእኛ ይልቅ ያውቁበት ነበር። መጀመሪያ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ተነግሮ ሳጥኑ በእነሱ ፊት ይከፈት አሉ። ተከፈተ። ጭቅጭቁ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

ከተማው ውስጥ ግን መንገዱ ተለየብን። የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ተሰባስበው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እነዚህ ልጆች ቤት ይቀይራሉ፣ ሥራ ይቀይራሉ፣ አገር ቤትም ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ አጎዋ በሚባለው የንግድ ሕጓ ለአገራችን ምርት የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታነሳ ደግሞ ሥራው ራሱ ተናጋ። ራስ አገዝ ቡድን ለዓመታት አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል። ለእነሱ የሚሆነው በዓመት ውስጥ ተቆጥቦ መጨረሻ ላይ ሁሉም ድርሻውን ይዞ የሚበተንበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። እሑድ ይሰበሰባሉ። የሚቀጥል በአዲስ ዙር ይቀጥላል፤ የምትሄድም ብሯን ይዛ ትሄዳለች።

በነገራችን ላይ፣ በማርች 8 ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ሴቶቹን በአውቶቡስ አምጪልን ይሉኛል፤ አዳራሽ ሙሉ እንዲሆን። ፈቃደኛ የሆነች ትሂድ እላለሁ። ባለፈው የሄዱት ለሳጥናቸው ቅጣት ከፍለዋል። የቁጠባ ቀን ነበራ።

መዝገቡን መጀመሪያ የያዙት ለተግባር ልምምድ የወጡ የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎቼ ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ግን ሴሚስተር ሲያልቅ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሥራቸው መጻፍ መሆኑ ቀርቶ ማስተማር ሆነ። የአባላቱ ልጆች፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሆኑት፣ ጸሐፊ ሆኑ። እናት ፊደል ባትቆጥርም ልጇ ስታነብላት ስንት እንዳላት ታውቃለች። ተማሪዎቼ አሁን በየተወሰነ ጊዜ እየሄዱ ሂሳቡን ያመሳክራሉ።

ዘንድሮ የያዝነው ክርክር ከእነዚሁ ጸሐፊዎች የመጣ ነው። ልጆቹ ክፍያ ጠየቁ። ከእናቶቹ ግማሹ «ለእናታችሁ ነው የምትጽፉት፣ ምን ትላላችሁ?» አሉ። ሌሎቹ ሥራ ሥራ ነው ብለው ቆሙ። እኔን ጠየቁኝ፤ ከሳጥኑ ነው የሚወጣው፣ እናንተው ወስኑ አልኩ። አንዱ ቡድን ከወለዱ ላይ በየወሩ ለደብተርና እስክሪብቶ የሚሆን ቆርጦላቸዋል። ሌላው ገና እየተከራከረ ነው፤ ጸሐፊዋም እስኪወሰን ድረስ አልጽፍም ብላለች።