እንቅልፍ የተነፈጉ እህቶቻችን

ወደ ሊባኖስ ለሥራ የምትሄድ ኢትዮጵያዊት ከአገሯ ከመውጣቷ በፊት ሳንባዋ በራጅ ይታያል፣ ደሟ ይመረመራል፣ እርጉዝ አለመሆኗም ይረጋገጣል። ቤይሩት ከደረሰች በኋላም ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ እንደገና ትመረመራለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በሽታ ይዛ ወደ አሠሪዋ ቤት እንዳትገባ ነው፤ ያ ቤት እርሷን እንዳያሳምማት የሚጠነቀቅላት ግን የለም። ቤይሩት በኖርኩባቸው ዓመታት፣ መጀመሪያ በኮንትራት ሰው ቤት፣ በኋላም ቤት ተከራይቼ በተመላላሽነት ስሠራ፣ ጤነኛ ሆነው መጥተው ጤና ያጡ ብዙ እህቶችን አውቄያለሁ። የሕመማቸው ዓይነት ቢለያይም፣ ከሁሉም ሥር ያገኘሁት እንቅልፍ ማጣትን ነው።

በኮንትራት ያለች ሠራተኛ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ለማዘጋጀት ገና ሳይነጋ ትነሣለች። ማታ እንግዳ ከመጣ ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲኒውንና የሺሻውን ዕቃ አጥባ ሳትጨርስ አትተኛም። ብዙዎቹ የራሳቸው ክፍል ስለሌላቸው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን ይተኛሉ፤ ሳሎን የምትተኛ ልጅ የመጨረሻው ሰው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ እስኪነሣ ድረስ ጎኗን ማሳረፍ አትችልም። ከወራት በኋላ ራስ ምታቱ፣ የልብ መምታቱና የወር አበባ መቅረቱ ይከተላል። እጆቿ በክሎር (በበረኪና) ይላላጣሉ፤ ነገሩን የነገራት ስለሌለ ክሎሩን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅላ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስትፈትግ የሚወጣው ጋዝ ደረቷን ያቃጥላታል። ድካሙ መርሳትን ያመጣል፣ መርሳቱ የማዳምን ቁጣ ይጠራል፣ ቁጣው ፍርሃትን ይወልዳል፣ ፍርሃቱም የቀረችውን ጥቂት እንቅልፍ ይወስዳታል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ፓውንድ ዋጋው ወድቆ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ባቆሙበት ወቅት፣ ከወሎ የመጣች አንዲት ወጣት የአሠሪዋን በር ክፍት አግኝታ ወጥታ፣ ቤይሩት ዳር ባለው ቡርጅ ሐሙድ ሠፈር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ተከራየሁት ክፍል በሰው እጅ ደረሰች። ያመጣቻት ሴት «ጭንቅላቷ ተነክቷል፣ ተጠንቀቁ» አለችን። ልጅቷ የሚጠራት ድምፅ ይሰማታል፤ ከመካከላችን አንዳችን ብድግ ባልን ቁጥር እርሷም ደንግጣ ትነሣና እጆቿን አጣምራ ትቆማለች። ገላዋን አጥበን፣ ሾርባ አጠጥተን ፍራሽ ላይ ስናስተኛት፣ «እትዬ፣ ማዳም ከጠራችኝ ቶሎ ቀስቅሺኝ፣ አደራ» አለችኝ። ያን ሌሊትና የማግስቱን አብዛኛውን ቀን ተኛች። ስትነቃ የእናቷን ስልክ ቁጥር ከነአገር ኮዱ ሳታዛንፍ ነገረችን። ድምፁ ግን ጨርሶ አልጠፋም ነበርና፣ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለስደተኛ ሠራተኞች ወዳዘጋጁት ክሊኒክ ወስደናት መድኃኒት ጀመረች። እንቅልፍ ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም፤ ያለ እንቅልፍ ግን መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ አምናለሁ።

የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከጥር 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነበሩት 20 ወራት ገደማ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ እንደሞቱ፣ ከእነዚህም 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ኤምባሲዎቻቸው እንደመዘገቡ፣ ሌሎች 24ቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለማምለጥ ሲሞክሩ ከፎቅ ወድቀው እንደሞቱ ገልጿል። እነዚህን ሴቶች በሙሉ ከአገራቸው ታመው እንደመጡ አድርጎ ማውራት ለደላላውም ለአሠሪውም ይመቻል፤ እኔ ግን ይህን አነጋገር ፈጽሞ አልቀበለውም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው፣ ለቤት ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነው ወጥ የሥራ ውል የ8 ሰዓት ተከታታይ የሌሊት ዕረፍትና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ቢፈቅድም፣ ሠራተኛዋ የምትፈርመው በማታነበው ዓረብኛ ነው፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ፣ በሩም የተቆለፈ ሲሆን ደግሞ ውሉ ተጥሷል ብላ የት ትከሳለች?

አገር ቤት ያሉ ወላጆች በስልክ ሲያገኟት ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ የት እንደምትተኛ፣ በሩ ይቆለፍ እንደሆነ እንዲጠይቋት እለምናለሁ። ማዳም አጠገቧ ቆማ ይሆናልና፣ ከመሄዷ በፊት እርሷና እናቷ ብቻ የሚያውቁት ምልክት ቢኖራቸው መልካም ነው። ታማ ከተመለሰች ጸበሉም ዱዓውም ሳይቀር ሐኪም ጋር መወሰድ አለባት፤ የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በየክልሉ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ትንሽ ሻል ሲላት መድኃኒቱን በራሷ እንዳታቋርጥ የሚከታተላት ሰው ያስፈልጋታል።

ያቺ ወጣት ዳውራና ቡርጅ ሐሙድ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ባዋጡት ገንዘብ ትኬት ተቆርጦላት ወደ አገሯ ገብታለች። ክትትሏ ደሴ ሆስፒታል ነው፤ ከገጠር ለቀጠሮ የምትመላለስበትን የሚሸፍነው ወንድሟ ነው። አሠሪዋ የያዘባትን የወራት ደመወዝ እስከ ዛሬ አልከፈላትም።