ጥርት ያለ ጂፍ ከቪዲዮ፦ ቄጤማው ለምን ቡኒ ሆነብኝ?

ከጀበና ወደ ሲኒ የሚንቆረቆር ቡና፣ ከሥሩ ቄጤማ፣ ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ። የ3 ሰከንድ የበዓል ጂፍ ነው፣ በኢሜይል የሚላክ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ እኔ ግን ቀናት ፈጅቼበታለሁ። በደበዘዘብኝ ቁጥር ስፋቱን ከ480 ፒክስል ወደ 640፣ ከዚያም ወደ 800 ማሳደግ ነበር ሥራዬ። ፋይሉ አበጠ፣ ምስሉ ያው ነው። ጥፋቱ ስፋቱ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነበር፤ ይህን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም።

ቀረጻው ላይ ስልኩን ትራይፖድ ላይ፣ ከሌለም ድንጋይ ላይ አስደግፉት። ጂፍ ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን ቦታ መዝለል ይችላል፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ግን ሁሉንም ፒክስል ይለውጥበታል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሹተሩን (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ካላሰራችሁት ግድግዳው ላይ ጥላ መሰል መስመር ይጋልባል፣ የፋይሉም መጠን በከንቱ ይጨምራል። ኤችዲአር (ብሩህና ጨለማ ቦታን አብሮ ለማሳየት የሚሠራው የካሜራ ሁነታ) ይጥፋ። በቴሌግራም «እንደ ቪዲዮ» የመጣ ክሊፕ አትጠቀሙ፤ «እንደ ፋይል» ይላክላችሁ።

ለመቁረጥም ሆነ ወደ ጂፍ ለመቀየር ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ክሊፑን ስትቀርጹ የሲኒው ውስጥ የማይታይበትን አንግል ምረጡ። አለዚያ ጂፉ ወደ መጀመሪያው በተመለሰ ቁጥር የተሞላው ሲኒ ባዶ ይሆናል።

በጂፍ ውስጥ የፍሬም ቆይታ የሚለካው በሰከንድ መቶኛ፣ ያውም በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚባል ነገር እኩል አይከፈልም። ስልካችሁ በ30 ከቀረጸ ወደ 10 አውርዱት፤ ከየሦስቱ አንዱን በእኩል ርቀት ይወስዳል። በ25 ከቀረጸ 12.5 ይስማማዋል። ቆይታውን 1 መቶኛ ብታደርጉት ደግሞ ብዙ ብራውዘሮች ወደ 10 መቶኛ ስለሚያዘገዩት፣ ፈጣን ያላችሁት ጂፍ ይንቀራፈፋል። ስፋቱ 480 በ270 ይበቃል፣ የማሳነሻ ስልቱ ላንዞስ የሚባለው ይሁን። 30 ፍሬም ሳይታመቅ 3.9 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ640 በ360 ግን 6.9 ይደርሳል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በአንድ የጂፍ ፍሬም የቀለም ገበታ ላይ ከ256 ቀለም በላይ አይገባም። ኤፍኤፍኤምፔግን ዝም ብላችሁ «ጂፍ አድርግልኝ» ካላችሁት ለማንኛውም ምስል የተዘጋጀ አንድ ቋሚ ገበታ ያነሳል። እዚያ ገበታ ላይ ቡናማ የሚባለው ቤተሰብ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ጀበናው ነጠብጣብ ይሆናል። መድኃኒቱ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ባሉ ሁለት ማጣሪያዎች ሁለት ዙር መሥራት ነው፤ ፓሌትጄን ክሊፑን አይቶ የራሱን ገበታ ያወጣል፣ ፓሌትዩዝ ደግሞ በዚያ ገበታ ይቀባል።

እዚህ ነው የተቃጠልኩት። የኤፍኤፍኤምፔግ መመሪያ ከጀርባ ያለው ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ የፓሌትጄኑን ስታትስ ሞድ (የቀለም አቆጣጠር ምርጫ) «ዲፍ» ማድረግ ሊጠቅም እንደሚችል ይጠቁማል፤ ቀለም የሚቆጠረው ከሚለዋወጠው ቦታ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የኔ ቄጤማ አይንቀሳቀስ፣ ስልኩም አይንቀሳቀስ፣ ስለዚህ ዲፍ አደረግኩት። የሚንቀሳቀሰው ግን ምንድን ነው? ጥቁር ቡናና ነጭ እንፋሎት! ገበታው በቡኒና በግራጫ ተሞልቶ ለአረንጓዴ የተረፈው ጥቂት ሆነ። እንፋሎቱ ሐር መሰለ፣ ቄጤማው ግን የሦስት ቀን ቄጤማ ሆነ። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ከቀረጻው ፈልጌ የክሊፑን ቀለም ሳደምቅ ዋልኩ። አንዲት ቃል «ፉል» (ሙሉውን ምስል ቁጠር) ብትባል ያልቅ ነበር። ዲፍ የሚያዋጣው የሚንቀሳቀሰውና የማይንቀሳቀሰው ተመሳሳይ ቀለም ሲኖራቸው ነው ባይ ነኝ፤ ከዚያ ውጭ ፉልን አትልቀቁ።

ሁለተኛው ጣጣ ዲዘሪንግ ነው፤ የጎደለውን ቀለም ባሉት ቀለሞች ነጠብጣብ አደባልቆ ማስመሰል። ካልመረጣችሁለት ስህተትን ወደ ጎረቤት ፒክስል የሚያጋባውን ሲየራ የሚባለውን ዓይነት ይወስዳል። ለቆመ ፎቶ ግሩም ነው። ለእንፋሎት ግን ነጠብጣቦቹ በየፍሬሙ ቦታ ስለሚቀይሩ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። ጂፍ የሚታመቀው በመስመር የሚደጋገም ቀለም ሲያገኝ ስለሆነ፣ የጉንዳኑ ትርምስ ፋይሉንም ያሳብጠዋል። «ምርጡ ጥራት ይሄ ነው» የሚለውን ምክር ለተንቀሳቃሽ ምስል አልቀበልም። ቤየር የሚባለውን ሌላ የዲዘሪንግ ዓይነት አድርጉት። የቤየር ነጠብጣብ ቦታው የተወሰነ ስለሆነ ያልተንቀሳቀሰው ነገር እንዳለ ይቀመጣል። ቤየር ስኬል (የነጠብጣቡ መረብ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነው ቁጥር) ከ0 እስከ 5 ነው፤ ዝቅ ሲል መረቡ ጎልቶ ይታያል፣ ከፍ ሲል እንፋሎቱ ላይ የቀለም እርከን ይወጣል። እኔ 3 ላይ እጀምራለሁ፤ እርከን ካየሁ ወደ 2 እወርዳለሁ።

ጽሑፉ የሚጻፈው ምስሉ ከተሳነሰ በኋላ፣ ገበታው ከመውጣቱ በፊት ነው። ቀድሞ ከተጻፈ አብሮ ይሳነስና «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም፤ የልዩነታቸው ቅጥያ የአንድ ፒክስል ጉዳይ ይሆናል። ገበታው ከወጣ በኋላ ከተጻፈ ደግሞ ለፊደሉ ቀለም ቦታ አልተያዘለትም። በ480 ስፋት ላይ ከ28 ፒክስል ቁመት በታች ፊደል አልጽፍም፣ ያውም ወፍራሙን ዓይነት።

በመጨረሻ ጂፍሲክል የሚባለው የጂፍ ማመቂያ ፕሮግራም በኦ3 (በከፍተኛው የማመቅ ደረጃ) ያልፍበታል። ሎሲ የሚለውን (ጥራት ሰውቶ ፋይሉን የሚያሳንሰውን ምርጫ) ከ40 በላይ አታውጡት፤ የደከማችሁበትን እንፋሎት ያቆሽሸዋል።

ለቴሌግራም ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አትልፉ። ቴሌግራም ጂፉን ተቀብሎ ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ያደርገዋል፣ የመረጣችሁት ገበታም እዚያው ይቀራል። ከቀረጻው በቀጥታ ድምፅ የሌለው ኤምፒ4 አውጥታችሁ ላኩ፤ እንደ ጂፍ እየተደጋገመ ይጫወታል፣ ቄጤማውም አረንጓዴ ነው።