ነዳጁን ያለቦታው ያፈሰስኩበት ክርክር

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው። አዋሳ ላይ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅ ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን ክርክር አዘጋጀ። ርዕሱ ያው ጦርነቱ ነው፤ ያለ ተባበሩት መንግሥታት ፈቃድ መግባታቸው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም። ዕጣ ሲወጣ ተቃዋሚ ወገን ደረሰኝና ደስ አለኝ። መቃወም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ዝግጅቴ፣ ራሴን ላሞግስና፣ ጥሩ ነበር። ማታ ማታ የአጎቴን ሬዲዮ አንቴና ከመስኮቱ ብረት ጋር በሽቦ አስሬ ቪኦኤንና ዶይቼ ቬለን እከታተላለሁ። አንዱ ጦርነቱን ከከፈተችው አገር፣ ሌላው ከተቃወመችው ከጀርመን። ሁለቱም በአማርኛ። የደብተሬን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬ የአንዱን በግራ፣ የሌላውን በቀኝ እጽፋለሁ። የተስማሙበትን በቀይ እስክሪብቶ እከብበዋለሁ። ዛሬም ዜና ሲምታታብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው።

በቀይ የተከበበው ብዙ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ጥቅምት 29 ያወጣው ውሳኔ 1441 በ15 ለ0 ጸድቋል። ለኢራቅ የመጨረሻ ዕድል ይሰጣል፣ ከባድ መዘዝ ይመጣል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ውጉ ግን አይልም። ጦርነቱን ለሚፈቅድ ሁለተኛ ውሳኔ ዘጠኝ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ከአፍሪካ አንጎላ፣ ካሜሩንና ጊኒ ወንበር ስለነበራቸው ያን ሰሞን ተለማኝ ሆነው ሰነበቱ። ፈረንሳይ አልቀበልም አለች። ረቂቁ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ከሁሉ የገረመችኝ ቱርክ ናት። የአሜሪካን ጦር በግዛቷ ለማሳለፍ ፓርላማዋ ውስጥ 264 ደገፉ፣ 250 ተቃወሙ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ደጋፊው በልጦም ከተገኙት ግማሽ በላይ ለመሆን ሦስት ድምፅ ጎደለውና ወደቀ።

መድረክ ላይ ስወጣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። «ነገሩ ነዳጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ ደግሜ ጮህኩ። አምስቱ ደቂቃ በነዳጅ አለቀ። ቱርክም 1441ም ደብተሩ ውስጥ ቀሩ። ሳዳም ሐላብጃ በተባለች የኢራቅ ከተማ ላይ ሰው በመርዝ ጋዝ መፍጀቱንም ቀድሜ ስላላነሳሁ፣ ተከራካሪዎቼ «ሳዳምን ትወዳለህ ማለት ነው?» ብለው መጡብኝ።

ከዚያ ከወዲያኛው ወገን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሳች። «ኢትዮጵያ ጦርነቱን በሚደግፉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ኤርትራም አለች። አገራችን ተሳስታለች እያልክ ነው?»

እውነቷን ነበር። አሜሪካ ባወጣችው ዝርዝር ላይ ሁለቱም አሉ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሲታኮሱ የነበሩት። የቱርክን ፓርላማ ድምፅ አንድ በአንድ የቆጠርኩ ሰውዬ የራሴን አገር አቋም አላውቅም!

ከወላጆች መሃል አንድ ጡረተኛ ወታደር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጣልያን በ28 ሲወረን አንድ አገር ጄኔቫ ያለውን የመንግሥታት ማኅበር ሳያስፈቅድ ሊረዳን ቢመጣ፣ ፈቃድህ የታለ ትለው ነበር?»

ምላሴ ተሳሰረ። ተሸነፍን።

ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳኝ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር አገላበጥኩ። መልሱ አንቀጽ 51 ላይ ቁጭ ብሏል። በጦር የተጠቃ አገር ምክር ቤቱ እርምጃ እስኪወስድ ብቻውንም ከሌሎች ጋር ሆኖም ራሱን መከላከል ይችላል። በዛሬው ሕግ ቢሆን ለእኛ የሚደርስ አገር ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ኩዌት በኢራቅ ስትወረርም ተጠቂው ይታወቅ ነበር። በ1995 ግን ኢራቅ ማንን ወረረች?

የሚያናድደው፣ ነዳጁም እዚያው ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በ1928 በጣልያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከማዕቀቡ ውጭ አድርጎታል። ካሚዮኑና አውሮፕላኑ ነዳጅ ሳያጣ ነው የዘመተብን። ለሰውየው መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነው። እኔ ግን ለጭብጨባ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ክርክር ስዘጋጅ መጀመሪያ የምጽፈው እኔን ዝም የሚያሰኘኝን ጥያቄ ነው።

ከወር በኋላ ጡረተኛውን ወታደር ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አሳ ሲገዙ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ መልሱን አገኘሁት» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግራችን ስር አንጀት ይሻማሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይህንን ያን ቀን ብትል ኖሮ እጄን ለአንተ አወጣ ነበር» አሉ። ከዚያ ፌስታላቸውን እየቋጠሩ፣ «የዚያች ልጅስ ጥያቄ?»

«እሱን ገና እየፈለግኩ ነው።»

«ፈልግ» ብለውኝ ሄዱ።