መኪናዬ ስትቆም ለምን ተንቀጠቀጠች?

የጀመራት ጥቅምት ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ እየመጣሁ ጊዮርጊስ ጋ ስደርስ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ፍሬን ይዤ ስጠብቅ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። አጠገቤ ባስቀመጥኩት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። 700 አካባቢ መቀመጥ የነበረበት የአርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው) መርፌ ወደ 500 ይወርድና መልሶ ይዘላል። ፖሊሱ ለቀቀን። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ጸጥ አለች።

ይህችን «ጸጥ አለች» የምትለዋን ነገር ያኔውኑ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ባልተንከራተትኩ ነበር። መኪናዋ ስትሄድ ደህና ናት። የቤዛዊትን ዳገት ስትወጣ እንኳ ጉልበቷ አይደክምም። የሚያማት ስትቆም ብቻ ነው። መካኒክ ጋ ስሄድ ግን «ትንቀጠቀጣለች» ብዬ ዝም አልኩ። መቼ፣ እንዴት፣ ምን ሳደርግ እንደሚብስባት አልተናገርኩም። እሱም አልጠየቀኝም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። መጀመሪያ አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ። ትንሽ የተሻላት መሰለኝ። በሳምንቱ ተመለሰባት። ቀጥሎ ሌላ ጋራዥ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ታጠቡ። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በር፣ ትሮትሉ፣ ተጸዳ። በሦስተኛው ጋራዥ ልጁ ስካነር ሰካና ፒ0171 የሚል ኮድ አገኘ። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ከዚህ ሁሉ መንከራተት ውስጥ ያደረግኩት አንድ ትክክለኛ ነገር ይህ ነው።

ፒ0171 «ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት አይደለም። ድብልቁ ሳስቷል፣ ማለትም ለገባው ቤንዚን አየሩ በዝቷል ማለት ነው። እንደውም ይህን የነገረን ሴንሰሩ ራሱ ነው። መልእክተኛውን አውጥቶ መጣል መልእክቱን አይለውጠውም።

በመጨረሻ ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ላከችኝ። ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚብሳት?»

«ሁሌም ነው ጋሼ።»

«ኤሲ ስትከፍቺስ?»

«ልትጠፋ ትደርሳለች።»

«ፍሬን ስትረግጪ እግርሽን ይገፋሻል? ይጠነክራል?»

«የለም፣ እንደ ወትሮው ነው።»

አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ጠየቁኝ። ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ ካንዴላውንም እጥበቱንም ታስቀርልኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። መጀመሪያ ያጣሩት ሕመሙ የሞተሩ ነው ወይስ ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ነው የሚለውን ነው። የአርፒኤሙ መርፌ ሳይንቀሳቀስ አካሉ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በተለይ ፍሬን ተይዞ ማርሹ ዲ (መሄጃ) ላይ ሳለ ብሶ ኤን (ነፃ) ላይ ሲሆን የሚተው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሞተር መቀመጫ ጎማ ነው። የኔ ግን መርፌው ራሱ ይዋዥቃል፣ ኤን ላይም አይተዋትም። ስለዚህ ጎማው ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ «ከአራቱ ሲሊንደር በሦስት እየሠራች እንደሆነ እንይ» አሉ። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሶኬት ነቀል አድርገው መለሱት። ሞተሩ አቃሰተ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እንዲሁ አደረጉ። አራቱም ላይ እኩል አቃሰተ። ከመጀመሪያውም የማይሠራ ሲሊንደር ቢኖር ኖሮ የእሱ ሶኬት ሲነቀል ምንም ለውጥ አይሰማም ነበር። ነቅሎ ማቆየት ግን ጥሩ አይደለም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይገባና እዚያ ያለውን ጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱን፣ ያበላሻል።

ሦስተኛው ምርመራ ነው ነገሩን የፈታው። ስካነሩ ኮድ ብቻ አይደለም የሚያሳየው። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነም ያሳያል። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ስትሠራ ቁጥሩ ጭማሪ 24 ነበር። «እስቲ አርፒኤሙን 2,500 ላይ ያዢው» አሉኝ። ነዳጅ ረገጥኩ። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ጭማሪ 5 ላይ ቆመ። ጋሼ ሳቅ አሉና «አየር የሚያልፍበት ጎማ ተቀዷል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚፈልገው አየር በጣም ትንሽ ነው። ትሮትሉ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፤ ከጀርባው ያለው መሳብ ደግሞ ኃይለኛ ነው። በዚህ ጊዜ በአንዲት ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ በአየር መለኪያው ሴንሰር በኩል ሳይለካ የገባ አየር ነውና፣ ድብልቁን ያዛባዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ግን በትክክለኛው በር ብዙ አየር ይገባል፣ መሳቡም ይቀንሳል። ያቺ ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። ጥፋቱ የቤንዚን እጥረት ቢሆን ኖሮ፣ ፓምፑ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተደፍኖ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው ሲረገጥና ዳገት ላይ ነበር። ለዚህ ነው ቤዛዊትን ያለችግር መውጣቷ ትልቅ ምልክት የነበረው። ካንዴላ ስቀይር ትንሽ የተሻላትም አዲስ ካንዴላ የሳሳ ድብልቅን ከአሮጌው ይልቅ ማቀጣጠል ስለሚችል ነው። እኔ ግን መፍትሔውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የኛን አገር የሚመለከት ነገር ልጨምር። የሞተሩን መሳብ የሚለካ ጌጅ አለ። መመሪያዎቹ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል ይላሉ። ያ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ 13 ወይም 14 ካሳየ ጤነኛ ነው። መመሪያውን ብቻ አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የኔ 10 ላይ ነበር።

ስንጥቁን ለማግኘት ጋሼ የተጠቀሙት አንድ ክንድ የምታህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ሌላውን ጫፍ በየጎማው ላይ ቀስ እያሉ አስኬዱት። አንዳንድ ቦታ ቤንዚን በሲሪንጅ እየረጩ ሲፈልጉ አይቻለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነውና እባካችሁ ይቅርባችሁ። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ አንድ ክርን መሰል አጭር ጎማ አለ። እሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቱቦውን ለኔ ሰጡኝ። «ስስስስ» ይላል፣ እባብ ያለ ይመስል።

ከላይ ሲታይ ጎማው ደህና ነው። ስንጥቁ ከሥሩ፣ ከመታጠፊያው በታች ነው። «ጣትሽን አስገቢና ድፈኚው» አሉኝ። በዳሰሳ አገኘሁት። የጥፍሬን ያህል ትረዝማለች። ጎማው በዘይት ርሶ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። ስደፍነው የጣቴን ቆዳ ወደ ውስጥ ሳበው። ያኔ ሞተሩ ጸጥ አለ። ጣቴን አነሳሁ፣ ተንቀጠቀጠ። መልሼ ደፈንኩት፣ ጸጥ አለ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ሁለት ወር የፈለግኩት ነገር ጣቴ ሥር ነበር።

ጥገናው ላይም አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ዋናው ጎማ ወዲያው ስላልተገኘ፣ ጋሼ «ጠብቂ» እያሉኝ ተራ የውሃ ጎማ ቆርጬ በፋሼታ አሰርኩበት። አሥር ቀን አልቆየም። የዘይቱ ጋዝ አለሰለሰው፣ መሳቡም አጣብቆ ዘጋው። እዚያ ቦታ ዘይት የሚችል፣ በመሳብ የማይጣበቅ፣ ቅርጹም የተጠማዘዘ ጎማ ነው የሚገባው። በኋላ ትክክለኛውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። 650 ብር ከፈልኩበት። ለካንዴላው፣ ለእጥበቱና ለጽዳቱ ያወጣሁት የዚህን ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ጎማው ከገባ በኋላ ኮዱን አጥፍተን ሁለት ቀን ነዳኋት። ሚኒሞ ላይ ያ ቁጥር አሁን ጭማሪ 3 ነው፣ ጌጁም 13 ተኩል ያነባል። በሞተሩ መሳብ ፍሬኑን የሚያግዘው የሰርቮ ጎማም በዕድሜ ከዚያኛው ጋር እኩያ ነው። ትናንት ኮፈኑን ከፍቼ በጣቴ ስዳስሰው ጫፉ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አገኘሁ። ገና አየር አያስገባም። እሱንም አዝዣለሁ።